ፒያሳ አሮጌ ቤት ስትገዙ በእጃችሁ የሚገባው ምንድን ነው?

«የሚሸጥ ቤት። አራዳ፣ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ነባር ይዞታ። ካርታ ያለው። ለኢንቨስትመንት የሚሆን። ዋጋ በድርድር።»

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በየቻናሉ በየቀኑ ይለጠፋል። በቅርቡ አንዱን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ላከችልኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አረጋውያን ስትንከባከብ ያጠራቀመችው ገንዘብ አላት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላሯ በብር ሲቆጠር በዝቶ ታያት። ሐሳቧ ቀላል ነው። አሮጌውን ቤት ገዝታ የመንገዱን በኩል ለሱቅ፣ የጓሮውን ክፍሎች ለመኖሪያ ልታከራይ፣ በኪራዩም እናቷን ልትጦር። «አንተ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነህ፤ ሰፈሩን ታውቀዋለህ፤ ሂድና እይልኝ» አለችኝ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ለእሷ ብዬ ቤቱን ሳይ፣ ቢሮ ለቢሮ ስዞርና አዋጆቹን ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ግን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ዋናውን ከወዲሁ ልናገር። በፒያሳ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለቦታው ነው፤ በሕግ የራሱ የሚሆነው ግን ግድግዳውና ጣራው ነው። የወራሹም፣ የካርታውም፣ የኪራዩም ጣጣ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያየነው

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ገባና ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ስለ ትዝታው ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልደግመውም። ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ብዙ ያልተወራለትን የገንዘቡን ጉዳይ ነው።

በሰፈሩ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንደኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። እሱ ያጣው ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት ቅርበትና የዕለት እንጀራውን ገበያ ነው። ከባድ ነው፤ ቤቱ ግን ድሮም የመንግሥት እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛው የግል ባለይዞታ ነው። ይህ ሰው ለዓመታት «የፒያሳ ቤት አለኝ» ሲል ኖሯል። ደላላ በመጣ ቁጥር የሚጠራለትን ዋጋ እየሰማ፣ ያንን ዋጋ እንደ ሀብቱ ቆጥሮ ነው የኖረው።

አንድ የሰፈራችን አዛውንት የካሳ ግምት ወረቀታቸውን አሳይተውኝ ነበር። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ የግድግዳው ካሬ ሜትር፣ የአጥሩ ርዝመት ተራ በተራ ተዘርዝሯል። ጋሼ ወረቀቱን እያገላበጡ «ፒያሳ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። የትም አልነበረም። መሐንዲሱ አላጠፋም፤ ሥራውን ነው የሠራው። ሕጉ እንዲገምት ያዘዘው ቤቱን እንጂ ሰፈሩን አይደለም።

ሕጉ እንዴት እንዲህ ሆነ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ የመኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት፤ የሚይዘውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ወደተባለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ።

ደርግ ወደቀ፤ ይህ መሠረት ግን አልተናደም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልገው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ይወስዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣውና በኋላም የተሻሻለው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ይህንኑ ነው የሚዘረዝረው። ለቤቱ የሚከፈለው በወቅቱ ዋጋ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። የልማት ተነሺ ምትክ ቦታ ወይም ቤት፣ የመፈናቀያ ድጋፍ፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲያገኝ አዋጁ ያዛል።

እነዚህ ጥሩ ድንጋጌዎች ናቸው፤ አላቃልላቸውም። ለመኖሪያ ብሎ ቤት ለያዘ ሰው ምትክ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ለማከራየት ብሎ ለገዛው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ምትኩ ቦታ ፒያሳ ላይ አይደለም። ሱቁን ሱቅ ያደረገው ከበሩ ፊት የሚያልፈው ሰው ነበር፤ ያ ሰው በካሳ ወረቀት አይተካም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቤቱን 20 ሚሊዮን ብር ገዛችሁት እንበል። ቤቱ ግን የጭቃ ግድግዳና አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ ልክ እሱን የመሰለ ቤት መልሶ መሥራት 3 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ታዲያ 17ቱ ሚሊዮን የተከፈለው ለምኑ ነው? ለቦታው ነው። ሻጩ መሬት መሸጥ ስለማይችል ውሉ ላይ «ቤት» ተብሎ ተጻፈ እንጂ ሁለታችሁም የተስማማችሁት በቦታው ዋጋ ነው። ቤቱ በልማት ሲነሳ ወረቀቱ የሚያውቀው ሦስቱን ሚሊዮን ነው፤ የቀረው በምትክ ቦታው ዋጋና በድጋፉ ልክ ብቻ ይካካሳል።

«ነባር ይዞታ» ሲባል

ደላሎች «ነባር ይዞታ ነው፤ ሊዝ የለበትም» ሲሉ እንደ ትልቅ ጥቅም ነው የሚያቀርቡት። ለሻጩ እውነት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 አንቀጽ 6 ግን ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ የተላለፈለት ሰው ቦታውን በሊዝ ይይዛል አለ። ሻጩ ነባር ባለይዞታ ነው፤ እናንተ ግን ውሉን ፈርማችሁ ስም ስታዛውሩ ሊዝ ከፋይ ትሆናላችሁ። ያ ዓመታዊ ክፍያ ስንት እንደሚመጣ ከመዋዋል በፊት በክፍለ ከተማው መሬት ቢሮ ማስላት ያስፈልጋል።

የጊዜ ገደቡም እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። በዚሁ አዋጅ የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ በአዲስ አበባ የንግድ ሊዝ ግን 60 ዓመት። ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ቤት ካርታው ላይ ምን ተብሎ ተመዘገበ? የአክስቴ ልጅ የፈለገችው ቤት ካርታው «መኖሪያ» ነው የሚለው። ሱቁ ለዓመታት ስለሠራ ብቻ የንግድ ቦታ አይሆንም።

ግቢው ውስጥ ማን አለ?

ቤቱን ላይ ስሄድ መጀመሪያ የቆጠርኩት ክፍሉን ሳይሆን በሮቹን ነው። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሰባት ክፍሎች። ከሰባቱ ሁለቱ የቀበሌ ናቸው። ይህ በአራዳ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ባለቤቱ የሚኖርበት ዋናው ቤት ሲቀርለት፣ ያከራያቸው ሰርቪሶች ለቀበሌ ስለተወሰዱ፣ አንድ ግቢ ለሁለት ባለቤት ተከፈለ። ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ መተላለፊያውም የጋራ ነው።

ደላላው «እነዚህ ቀበሌዎች ይወጣሉ፤ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣቸዋል» አለኝ። ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የቀበሌ ቤት ተከራዩ አይሸጠውም፤ «ቁልፍ ሽያጭ» የሚባለውም መብት አያስተላልፍም። ገንዘባችሁን የተቀበለው ሰው ቢወጣ እንኳ ቤቱ ወደ አስተዳደሩ እንጂ ወደ እናንተ አይመጣም። እናንተ የገዛችሁት ካርታው ላይ ያለውን ብቻ ነው። ካርታው 140 ካሬ እያለ ግቢውን በዓይናችሁ 200 ካሬ ብታዩት፣ የቀረው 60 የቀበሌ ነው፣ ወይም የጎረቤት ነው፣ ወይም ከካርታ ውጪ የተያዘ ነው። መለኪያ ይዛችሁ፣ የሚያውቅ ባለሙያ ይዛችሁ ድንበሩን ለኩ።

በተረፈው ግቢ የሚኖሩትን ሰዎች እንደ ዕቃ ማሰቡም አይገባም። ከእነሱ አንዷ እማማ በዚያች አንዲት ክፍል ሦስት ልጆች አሳድገዋል። «ኢንቨስትመንት» የሚለው ቃል እንዲህ ዓይነት በር ላይ ሲደርስ ዝቅ ብሎ ቢገባ ጥሩ ነው።

«ካርታ ያለው» ሲባል

ካርታ መኖሩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ያገኘሁትን ችግር በተራ ላስቀምጥ፤ አብዛኛው አሮጌ ቤት ላይ የምታገኙት ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስሙ። ካርታው የተሠራው በሟች አያት ስም ነው። ወራሾቹ አምስት ናቸው። አራቱ ሊፈርሙ ዝግጁ ናቸው፤ አምስተኛው ራሱ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል፤ አንዱ ለአካለ መጠን አልደረሰም። የጋራ ንብረት የጋራ ባለቤቶቹ ሁሉ ካልተስማሙ አይሸጥም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ ደግሞ በአጎቶቹ ፊርማ ብቻ አያልቅም፤ ፍርድ ቤት ያገባዋል። ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫው ውስጥ የተጻፉትን ስሞች አንድ በአንድ ከፈራሚዎቹ ጋር አመሳክሩ። «እሱ አይቃወምም» የሚል ቃል ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛ ትዳር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። ያልተስማማው ወገን ማወቁን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረስ ይችላል። ካርታው ላይ የአንድ ሰው ስም መኖሩ ቤቱን የግል አያደርገውም፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የትዳር ማስረጃ ጠይቁ፤ ላላገባም፣ ለፈታም፣ ለሞተበትም ወረቀት አለው።

ሦስተኛ ውክልና። ከወራሾቹ አንዷ ውጭ አገር ናት፤ ወንድሟን ወክላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «በስሜ ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለማከራየት ይበቃል፤ ለመሸጥ አይበቃም። ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል። ስለዚህ ወካዩዋን በስልክ ማየት፣ ውክልናው እንዳልተሻረ ከሰነዶች ማረጋገጫ መጠየቅ የግድ ነው።

አራተኛ ዕዳና እገዳ። ቤቱ በባንክ ተይዞ እንደሆነ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ፣ የግብር ውዝፍ እንዳለበት ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይወጣል። አራዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል? በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ አይለወጥም። አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ሳያጣራ ከገዛ ዕቅዱ በመጀመሪያው ቀን ይቆማል።

ውሉና ቀብዱ

በአሮጌ ቤት ግዢ ብዙ ሰው የሚጎዳው ቀብድ ላይ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፤ ዛሬ ካልያዝከው ነገ የለም» ይላል። ገዢ ተቻኩሎ በካፌ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ምስክር፣ በአንዲት ገጽ ወረቀት ጠቀም ያለ ገንዘብ ያስረክባል።

የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በዛሬ ቋንቋ ሰነዶች ማረጋገጫ ማለት ነው። ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ቀብድ ሰጪ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ተማምኖ ነው የሚከፍለው። ነገር ግን ዋናው ውል ሕጉ በሚፈልገው መንገድ ካልተደረገ፣ ስለ እጥፍ ከመከራከራችሁ በፊት ውል አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ዓመታት ትከራከራላችሁ። ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ የለም። ከተጣራም በኋላ ክፍያው ሁሉ በባንክ ይሁን።

ሌላው ልማድ ውል ላይ የሽያጩን ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ነው። ግብር ለመቀነስ ተብሎ 20 ሚሊዮን የተሸጠ ቤት «6 ሚሊዮን» ይባላል። አንደኛ፣ ሕገ ወጥ ነው። ሁለተኛ፣ ነገ አንድ ወራሽ ብቅ ብሎ ሽያጩ ቢፈርስና ሻጭ ገንዘብ ይመልስ ቢባል፣ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ 6 ሚሊዮን ነው የሚለው። ለሻጩ የግብር ቅናሽ ብላችሁ የእናንተን 14 ሚሊዮን አትርሱት። ካፒታል ጌይን የሚባለው ከሽያጭ ትርፍ የሚከፈለው ግብር በሕግ የሻጭ ነው፤ የስም ማዛወሪያው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥና አሹራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገዢው ላይ ይወድቃል። የትኛውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ኪራዩ ይከፍለዋል?

ወደ 20 ሚሊዮኑ ምሳሌ ልመለስ። ሱቁና ክፍሎቹ ተደምረው በወር 100 ሺህ ብር ያስገባሉ እንበል። በዓመት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው፤ ከዋጋው 6 በመቶ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። የቤት ግብር አለ፤ በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ መጽደቁን ደግሞ አትርሱ። ሊዝ አለ። የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የሚሞላ ሽንት ቤት፣ ባዶ የሚከርም ወር አለ። ከሦስት እጅ አንዱ ለዚህ ሁሉ ሄደ ብንል 800 ሺህ ይቀራል። ይህ 4 በመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉን አስታውሱ። ያለ ደላላ፣ ያለ ወራሽ፣ ያለ ቆርቆሮ ባንክ የተቀመጠ ብር ከዚህ የተሻለ ይከፍላል።

«ብር ግን ይረክሳል፤ ቤት አይረክስም» ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው፤ ሰው ቤት የሚገዛው ለኪራዩ ሳይሆን ለዋጋው መጨመር ነው። ነገር ግን የሚጨምረው የግድግዳው ዋጋ አይደለም፤ የቦታው ነው። በመነሳት ጊዜ የማይከፈለው ደግሞ እሱ ነው።

ኪራዩም እንዳሻችሁ አይጨምርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ውሉ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ነው። ለተከራዩ ዕፎይታ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ገዢ ግን «ከገዛሁ በኋላ ኪራዩን እጥፍ አደርገዋለሁ» ብሎ ሒሳብ መሥራት አይችልም። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ነው፤ ሱቅ አይመለከትም። ለዚህም ነው ካርታው ላይ ያለው አገልግሎት ወሳኝ የሚሆነው።

ውጭ ላሉት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ዜግነት ለቀየሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ቁጥር 270/1994 በር ከፍቶላቸዋል፤ ቤት መያዝ ይችላሉ። ኪራዩ ግን የሚመጣው በብር ነው። በሐምሌ 2016 አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ100 አለፈ። ያኔ አከራይ የነበረ ሰው ኪራዩ በዶላር ሲቆጠር በግማሽ ገደማ ወረደ። ዶላር ሲጨምር ርካሽ የመሰለው ቤት፣ ዶላር ሌላ ጊዜ ሲጨምር ደግሞ ገቢው ይሳሳል።

በዚህ ስሌት ዋጋውን ለመመለስ 25 ዓመት ይፈጃል። ባለፉት 25 ዓመታት በመሐል አዲስ አበባ ከፈረሱት አሮጌ ሰፈሮች የማስታውሳቸውን ልጥራ፦ ልደታ፣ ሰንጋ ተራ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ካዛንቺስ። መፍረሳቸው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ሽንት ቤት የሌለበት ግቢ ለዘላለም ይቆይ የሚል የለም። የቤት ገዢው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ እኔ የምገዛው ሰፈር 25 ዓመት ይቆማል?

ታዲያ አይገዛ?

አይገዛ አላልኩም። ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ነው። ቤቱ ነገ ቢነሳ በእጅሽ የሚቀረውን በአንድ ወረቀት ጻፊ። ኪራዩ በአሥር ዓመት የሚያስገባውን በሌላ ወረቀት ጻፊ። ሁለቱ ሲደመሩ ከምትከፍዪው ዋጋ ካነሱ፣ የቀረውን ልዩነት እየከፈልሽ ያለሽው ለተስፋ ነው፤ ያን ያህል ተስፋ መግዛት አቅምሽ ይፈቅዳል? ለጡረታዋ ያላት ብቸኛ ገንዘብ ከሆነ መልሱ አይፈቅድም ነው። በዚህ ሒሳብ የደረሰችበትን ዋጋ ለወራሾቹ አቀረበች፤ ሳቁ። የአምስተኛው ወራሽ ልጆች ጉዳይም እስካሁን ፍርድ ቤት ነው። አልገዛችም።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልዙር። ከተማችን መዋቅራዊ ፕላን አላት፤ የአካባቢ ልማት ፕላኖችም አሏት። የትኛው ብሎክ ለመንገድ፣ የትኛው ለአረንጓዴ ቦታ፣ የትኛው ለመልሶ ማልማት እንደታሰበ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አለ። ገዢና ሻጭ ስም ሊያዛውሩ ሲሄዱ ያው አስተዳደር ቤቱን ይገምታል፣ ክፍያውን ይቀበላል፣ በአዲሱ ገዢ ስም ካርታ ይሠራል። ያን ጊዜ ይህ ቦታ በልማት ዕቅድ ውስጥ ነው ወይም አይደለም የሚል አንድ መስመር በጽሑፍ መስጠት ምን ይከብዳል?

ይህን ቢያደርግ ደላላው «አይነካም» ብሎ መማል ያቆማል። ሻጩም የማይቆይ ቦታ በሚቆይ ዋጋ አይሸጥም። የካሳ ክርክሩም ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ገዢው ዋጋውን የሰጠው አውቆ ይሆናል። ዕቅዱ ከተለወጠ ደግሞ በዚያ ማረጋገጫ ተማምኖ የገዛ ሰው ቢያንስ የከፈለው ቴምብርና አሹራ ሊመለስለት ይገባል። የምጠይቀው መሬት የግል ይሁን የሚለውን ትልቁን ክርክር አይደለም። የምጠይቀው፣ አስተዳደሩ ገንዘባችንን ተቀብሎ ማኅተም ከመምታቱ በፊት የሚያውቀውን እንዲነግረን ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን የፕላን መረጃውን ራሳችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። መልሱ ካልመጣ ቀብዱ ኪሳችሁ ይቆይ።